ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚጎበኝ ሰው ምን ሊያይ ይሄዳል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አለፍ ሲል ተራራ የከበበው፣ መውጫ ወንዝ የሌለው ሰፊ ውኃ ይገጥመዋል፤ የአገሬው ሰው ሎጎ ሐይቅ ይለዋል። ወደ ውኃው ገባ ባለው፣ ዛፍ በለበሰው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የመካከለኛውን ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ስም ሳያገኝ ሦስት ገጽ አይገልጥም። ቦታውን ለማየት ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ የመጣ ጎብኚ ግን በዓይኑ ብቻ ከመዘነው ቅር ብሎት ሊመለስ ይችላል። እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈለ ነገር የለም፤ እንደ ጎንደር ግንብ የለም። ጎብኚዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ከበሩ አታልፍም። እኔ የምከራከርለት ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ቅሬታው የሚመነጨው ከቦታው ድህነት አይደለም፣ ጉብኝትን ከካቴድራል ስለተማርነው ነው። ሐይቅን በካቴድራል ሚዛን የመዘነ ሰው ገዳሙ ያለውን ትልቁን ነገር አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካቴድራል ለጎብኚ ከሁሉ በፊት ሕንጻ ነው። የፓሪሱ ኖትር ዳም በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል እዚያ ቀድሶ የማያውቀው ዓለም ሁሉ የደነገጠው ለጣሪያውና እየነደደ ለወደቀው ሹል ጉልላቱ ነበር። በ2024 መጨረሻ እንደገና ሊከፈት ሲቃረብ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር ጎብኚ ሁሉ 5 ዩሮ ይክፈል የሚል ሐሳብ አመጡ፤ የፓሪስ ሀገረ ስብከት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይሸጥም ብሎ አልተቀበለውም። ሁለቱ ወገኖች በክፍያው ቢለያዩም ከውስጥ የሚታይ ነገር መኖሩን አልተጠራጠሩም። አዲስ አበባም መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሚገባ እንግዳ ባለቀለም መስታወቱን፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መቃብር፣ በአጥሩ ግቢ ያረፉትን አርበኞች መታሰቢያ ዞሮ አይቶ ይወጣል። የላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል ናቸው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ሲከፍልባቸው ኖሯል፤ ለከፈለውም በቂውን ያያል። ልማዱ በዚህ መንገድ ተሠራ፦ ትኬት መቁረጥ፣ መግባት፣ ቀና ብሎ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መውጣት። ሕንጻ ባለበት ቦታ ይህ ልማድ ብዙም አይጎዳም። ወደ ደቡብ ወሎ ሲመጣ ግን ዋጋ ያጣል። የዚህ አካባቢ ታላላቅ ታሪኮች የተሠሩት በጉባኤና በጽሑፍ ነውና። በ1878 ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ተቀምጠው ለዘመናት ያከራከረውን የሃይማኖት ጉዳይ ያስወሰኑት ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ቦሩ ሜዳ ነው። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ በአምባሰል በኩል ያለችው ውጫሌም እንዲሁ ናት፤ በ1889 የተፈረመው ውልና አንቀጽ 17 እስከ ዓድዋ ድረስ ስሟን ተሸክመው ሄደዋል። ሁለቱም ቦታ ላይ የሚታየው ከሚታወሰው እጅግ ያንሳል።

ይህን በጣም የሚያሳየው የዚያው የአምባሰል አምባ ግሸን ማርያም ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 እጅግ ብዙ ሕዝብ ገደሉን ወጥቶ እዚያ አምባ ላይ ያድራል። የሚወጣበት ምክንያት ግማደ መስቀሉ ነው፤ በትውፊት በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግሸን ያሳረፈው የጌታ መስቀል ክፋይ። ከወጡት መካከል ግማደ መስቀሉን በዓይኑ ያየ የለም፤ አያለሁ ብሎም የወጣ የለም። ቢሆንም ማንም ተታለልኩ ብሎ አይወርድም። ተሳላሚው ሲነሣ ታሪኩን ይዞ ነው የሚነሣው፤ ከእናቱ ሰምቶታል፣ ከሰባኪ ሰምቶታል፤ አምባው ደርሶ የሚያደርገው ያንን የሚያውቀውን ነገር በእግሩ መንካት ነው። ቱሪስት በተቃራኒው ባዶውን መጥቶ እዚያው እንዲሞሉት ይጠብቃል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለተሳላሚ የተሠራ ቦታ ነው። ጎብኚ፣ አማኝ ይሁን አይሁን፣ ከተሳላሚ ሊዋሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዝግጅቱ ነው። እምነቱን መዋስ አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ይዞት ሊመጣ የሚገባው ምንድን ነው? ትውፊቱ የገዳሙን መሠረት ወደ 9ኛው መቶ ዘመን ይወስደዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑን መተከል ከንጉሥ ድልነዓድ ጋር ያያይዘዋል። ቦታው በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ግን በ1248 ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሲገቡበት ነው። ደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ሥር የተማሩት ይህ መነኩሴ ሐይቅን ትምህርት ቤት አደረጉት። በዛጉዌ ዘመን መጨረሻ በአማራና በአንጎት ምድር ምንኩስናና መጽሐፍ የሚያስተምር ትልቅ ማዕከል ገና አልነበረም፤ ወደ ደቡብ የሚወርድ ተማሪ የሚያርፍበት ቤት ሐይቅ ሆነች። ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ለዓመታት ተምረው፣ ወደ ደብረ ዳሞም ተሻግረው፣ ተመልሰው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው፤ ስሙንም ያኔ ደሴት ከነበረው ሐይቅ ይዘውት ሄደው ሌላ ደሴት ላይ ተከሉት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በወጣትነቱ እዚህ የገባው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ በትውፊት ትምህርት አልገባው ብሎ እህል ሲፈጭ የኖረው ተማሪ፣ በኋላ መጽሐፈ ሰዓታትንና በ1424 የተጠናቀቀውን መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። ዛሬ በየትኛውም የአገሪቱ ጥግ ሰዓታት ሲቆም የሚሰማ ሰው ሐይቅን እየሰማ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ትምህርት ቤት ከዚህ በላይ ምን ሊያፈራ እንደሚችል አላውቅም። የካቴድራል ጎብኚ ልማድ ይህን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ትምህርት ቤት የሚታወቀው ከውስጡ ወጥተው በሄዱት ሰዎች ነውና።

ከቦታው ጋር የቀረ አንድ ታላቅ ማስረጃ ግን አለ፤ እሱም መጽሐፍ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1280 ወይም በ1281 ለእስጢፋኖስ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከተገኙት ባለሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ውስጡ የሰጪው የራሳቸው ሥዕል አለ። ሰጪው በሕይወት እያሉ የተሣለ ስለሆነ፣ ስሙ ከታወቀ ኢትዮጵያዊ ሥዕል ሁሉ ከቀደሙት ይቆጠራል። የብራናው ዋጋ በሥዕሉ ብቻ አያበቃም። በዚያ ዘመን ወንጌል የገዳም መዝገብ ቤትም ነበር፤ በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የገዳሙ መጻሕፍት ቁጥር ይጻፍበት ነበር። ማንም የሐሰት ቃል እንዳይጨምርበት ከቃለ እግዚአብሔር ጋር ማሰር ነው ነገሩ፤ ብልህነቱን ሳላደንቅ አላልፍም። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1970 በጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ ላይ ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የደብረ ሐይቅ አበ ምኔቶች ተራ በተራ ለይቶ ሊያወጣ የቻለው እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎችን ከገድላትና ከዜና መዋዕል ጋር አስተያይቶ ነው። ከዚህ ዝርዝር ሌላም ነገር ይነበባል። የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት አንዱ ነበር፤ ወደ ንጉሡ ማን እንደሚገባና መቼ እንደሚገባ የሚወስን ሰው። ከአንድ ትንሽ ደሴት የወጣ መነኩሴ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ገዳሙን ዞሮ የተመለሰ ሰው ዛፍና ውኃ አይቶ ተመለሰ።

ያ ምክንያት አከራካሪ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገድል ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በሐይቅ እንዳደገና በ1270 ዙፋኑን ሲይዝ ገዳሙ ባለውለታው እንደሆነ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ያንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለቱም ጽሑፎች ነገሩ ከተፈጸመ ረጅም ዘመን በኋላ የተደራጁ ናቸው፤ እያንዳንዱም የገዳሙን መብትና ርስት የሚጠብቅበት ምክንያት ነበረው። ስለዚህ ማንኛውም አስጎብኚ በበሩ ላይ ቆሞ አንዱን ብቻ እንደ እውነት ቢናገር ግማሹን ነው የሚናገረው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ጉዞውን ያበላሽብኛል ይላል፤ ተረቱን ተውልኝ፣ ደስ ብሎኝ ልሂድ ይላል። እኔ ደስታው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ገዳማት አንድን ንጉሥ እኔ ነኝ ያነገሥኩት ብለው ለዘመናት መከራከራቸው በራሱ ለአገሪቱ መንግሥት የመጽሐፍ ቤቶች ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበሩ ይመሰክራል። ሰይፍ ያለው ሰው ሥልጣኑን ሕጋዊ የሚያደርግለት ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር። ያ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ የነበረው በሐይቅ ነው። ዐቃቤ ሰዓትነት ለሐይቅ መሰጠቱ ደግሞ በገድል ብቻ የሚደገፍ ነገር አይደለም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ብርቱ የሆነው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ነገሩ ሁሉ በመጽሐፍ ካለ፣ መጽሐፉ ቤት ተቀምጦ ይነበባል፤ ለምን እዚህ ድረስ እንሄዳለን? መልሱ ከራሱ ከውኃው ይገኛል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520ዎቹ በዚህ ሲያልፍ ሐይቁ ውስጥ ትንሽ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ብዙ መነኮሳት ያሉበት የእስጢፋኖስ ገዳም እንዳለ ጽፏል፤ ሎሚና ብርቱካን በብዛት እንደሚበቅልበት፣ ሰዉ በደንገል ታንኳ እንደሚመላለስ፣ ውኃው ውስጥም ጉማሬ እንዳለ አክሏል። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሲመጣ ውኃው ምሽግ ሆነ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው ወታደሮቹ ወደ ደሴቱ መሻገሪያ መሥራት ነበረባቸው፤ በመጨረሻም ደሴቱ ላይ የተከማቸው ሀብት ተወሰደ። የደሴቱ ሀብት ይህን ያህል የተፈለገው ሰው ሁሉ ንብረቱን እዚያ ይሰውር ስለነበረ ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1842 ሲደርስም ቦታው ገና ደሴት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃው ሸሸ፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው በሚረግጠው ደረቅ መሬት ላይ ምንም አይታየውም። የሚያውቅ ሰው ግን ሥርዓቱንና ሥልጣኑን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይረዳል። ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ የከበባቸው፣ ታንኳ በሌለው ሰው የማይደፈሩ፣ ከላስታ ወደ ሸዋ በሚወርደው መንገድ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው መጽሐፍ ያከማቹት። ይህን በካርታ መረዳት ይቻላል፤ ግን ርቀቱን፣ የተራሮቹን አቀማመጥና መንገዱ ከየት ወደ የት እንደሚያልፍ ዓይን ካላየ ክርክሩ ግማሽ ይሆናል። ለእኔ ወደ ሐይቅ የመሄድ ምክንያት ይህ ነው። ጎብኚው መልክዓ ምድሩን እንደ ሰነድ ያነብበዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ በቀላሉም አላልፈውም። ሴት ጎብኚ አትገባም። የአንዲት ሴት ግብር ለመንገዱና ለቅርሱ ጥበቃ ይውላል፤ የቤተ ክርስቲያኗም ምዕመናን እኩሌታ ሴቶች ናቸው፤ ሲደርሱ ግን ከበሩ ውጭ ይቆማሉ። ሥርዓቱ የሐይቅ ብቻ አይደለም። ደብረ ዳሞና ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ናቸው፤ የግሪኩ የአቶስ ተራራ በ1988 በዩኔስኮ ተመዝግቦ እንኳ ሴት እስከ ዛሬ አይገባበትም። የገዳም አጥር የመነኩሴውን ስእለት ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ያ ስእለት አይሰረዝም፤ ወንድ ጎብኚም ቢሆን የሚገባው በቸርነት እንጂ በመብት አይደለም። እስከዚህ ድረስ ከገዳሙ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን ሥርዓቱን የሚጠቅሱ ሰዎች የማይለዩት ነገር አለ፤ ስእለቱ የሚጠብቀው መሬቱን ነው፤ ዕውቀቱን እንዲጠብቅ ማንም አላዘዘውም። ኢየሱስ ሞአ ወንጌሉን ሲሰጡ ሴት እንዳታየው ብለው አልሰጡም። የዚህን መጽሐፍ ገጾች ማየት የምትፈልግ ሴት በር ላይ የምትመለስበት ምክንያት የሥርዓት ጉዳይ አይመስለኝም፤ ከበሩ ውጭ የሚያሳያት ቤት ስላልተሠራ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ከበሩ ውጭ ማሳየት የሚቻል ነገር ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። የሐይቁ ወንጌልም በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። የፊልሙ ቅጂ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ብራናዎቹን አንብበው ዝርዝራቸውን ለዓለም ካቀረቡት ሊቃውንት ዋነኛው እዚያው ለአሥርት ዓመታት የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። እንግዲህ አንዲት ተማሪ ሚኒሶታ ተቀምጣ የኢየሱስ ሞአን ሥዕል ማየት ትችላለች፤ ያቺው ተማሪ ሐይቅ ብትመጣ አታየውም። ይህ በምንም መመዘኛ የገዳሙን ክብር የሚጠብቅ ነገር አይደለም። በበሩ ውጭ ሙሉ የብራናው ቅጂ፣ አጠገቡም የኅዳግ ጽሑፎቹ በአማርኛ ተተርጉመው ቢቀመጡ ጎብኚ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ዛሬ ከሚያየው እጅግ የበለጠ ያያል።

እዚህ ላይ የገንዘብ ሰዎች ይነሣሉ። ዋናውን ብራና አውጥታችሁ አሳዩ፤ ለቅጂ ማን ይከፍላል? ይላሉ። በብዙ ገዳማት ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው አባት ለእንግዳ ሲል መጽሐፍ አውጥቶ በጣቱ ገጽ እየገለጠ ያሳያል፤ ቱሪስቱም ካሜራውን ያብለጨልጫል። ይህ የደግነት ልማድ ነው፤ ብራናውን ግን ይበላዋል። የጣት ላብ ቀለሙን ያሟሟል፣ ስፌቱ በየመገለጡ ይላላል፣ ብርሃኑም ይጨምርበታል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ድረስ እንደሚመደቡ በካርቦን ምርመራ ከተገመተ በኋላ የተደረገላቸው ጥገና እዚያው ገዳሙ ውስጥ ተሠርቷል፤ ወደ ውጭ ሳይወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚጎበኛቸው ሰው ሁሉ እንዳሻው የሚገልጣቸው መጻሕፍት አይደሉም። ሌላም ስጋት አለ። መቅደላ የምትገኘው እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው፤ በ1868 ከዚያ የወጡ በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ዛሬም በለንደን ናቸው። የላሊበላው የወርቅ መስቀልም በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ የተመለሰ ነው። ቅርስ በምን እንደሚጠፋ ለወሎ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። የሚታይ ቅጂ መኖሩ ዋናው እንዳይነካ የሚያደርግ ምክንያት ይሰጣል፤ ገዳሙም እንግዳን ሳያስቀይም እምቢ ማለት ይችላል። ዋጋውን በተመለከተ፣ አንድ ጥሩ የተሠራ ቅጂ ለብዙ ዓመት ይበቃል፤ ከበሩ ውጭ ስለሚቀመጥም የመግቢያ ክፍያው ከሁለቱም ጾታ ይሰበሰባል። ወደ ገዳሙ መግባት ግን ሁልጊዜ ነጻ ይሁን፤ የፓሪሱ ሀገረ ስብከት በዚህ ትክክል ነበር።

ይህ ለተማረ ሰው ብቻ የሚሆን ጉብኝት ነው፤ አብዛኛው ሰው ወደ ሐይቅ የሚመጣው ከደሴና ከኮምቦልቻ ለዕረፍት ነው፤ ዓሣ በልቶ፣ ጀልባ ላይ ተንሸራሽሮ ይመለሳል የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ደግሞም ምንም ነውር የለበትም። ከተማዋን የሚያኖራት የዕረፍት ቀኑ እንግዳ ነው። በሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚበላ ሰው ግን ያ ዓሣ ከጥንት እዚህ እንዳልነበረ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ እንደተለቀቀ ቢነገረው ደስ ይለዋል፤ ምሳውን አያበላሽበትም። አልቫሬስ ስለዚህ ሐይቅ ስለጻፋቸው ጉማሬዎች ቢነገረውም እንዲሁ። ዕውቀት የሚከብደው በጥራዝ ሲመጣ ነው፤ በጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ በተገቢው ቦታ ሲነገር ሁሉም ይሰማዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰው አስጎብኚ ነው፤ እዚህ አካባቢ ደግሞ አስጎብኚው ክርስቲያን ብቻ መሆን የለበትም። በተሁለደሬ ወረዳ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ኢማም አሕመድም መነኮሳቱም የዚህ ሐይቅ ታሪክ ናቸው፤ ደሴቱ ላይ የሆነውን ለእንግዳ ሲተርክ አንዱን ጀግና ሌላውን ጠላት ማድረግ የማይፈልግ የሐይቅ ወጣት ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ መምህር ሊሆን ይችላል። ወሎ በዚህ ረገድ ብዙ ቦታ የሌለው ልምድ አለው፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት የሚገኝበት አገር ነው።

ጊዜው ለጉብኝት አመቺ አይደለም የሚለውን የምቀበለው በከፊል ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የዚህ አካባቢ ሰው ተሰደደ፤ ከዚያ በኋላም አካባቢው ከግጭት አላረፈም፤ የውጭ አገር እንግዳም ብርቅ ሆኗል። እንግዳ የሌለበት ወቅት ግን ለዝግጅት የሚሆን ወቅት ነው። ቅጂ ለመሥራት፣ ኅዳጎቹን ለመተርጎም፣ በከተማዋ ያሉትን አስጎብኚዎች ለማስተማር፣ ደሴቱ በየዘመኑ የት ድረስ ውኃ እንደነበረ የሚያሳይ ካርታ በመግቢያው ላይ ለመትከል እንግዳ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ገዳሙ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው። የታደሰ ታምራት ጥናት ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሐይቅ ከተማ መጽሐፍ መሸጫ አይገኝም። እሱን ወደ አማርኛ መመለስ ከሁሉ ያነሰው ወጪ ነው፤ ሥራው ከዚያ ቢጀመር ቀጣዩ ተሳላሚም ቀጣዩ ቱሪስትም ከደሴ አውቶቡስ ተሳፍሮ እስኪደርስ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።